ቀመሪያና የለቡው መነጽር

መካኒሳ አቦ አካባቢ መጋረጃ ያሰፋ ሰው ቀመሪያን ያውቃታል። ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ እሷ ትሰፋለች፣ ባሏ ኢድሪስ ደግሞ ዘንጉን ተሸክሞ ደንበኛ ቤት እየሄደ ይሰቅላል። በሥራዋ የሚያማት የለም፤ እጥፉ እኩል፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። የምትታማው በሌላ ነው። በየወሩ ሱቁ ተዘግቶ ይውላል፣ ለሠርግ የተቀጠረ መጋረጃ ሳይደርስ ይቀራል፣ ኢድሪስም ደንበኛው ፊት አንገቱን ደፍቶ “ትንሽ አሟት ነው” ይላል። ትንሽ የምትለዋ ቃል ምን ያህል ውሸታም እንደሆነች የምታውቀው ቀመሪያ ብቻ ነበረች።

ሕመሙ የጀመራት ገና ወራቤ ተማሪ እያለች ነው። የወር አበባዋ ሲመጣ ከእምብርቷ በታች ያለው ሁሉ እንደታጠበ ጨርቅ ይጠመዘዛል። እናቷ “ሴት ሆነሽ ነዋ” ብላ አለፈችው። ስታገባ ደግሞ አማቷ ወይዘሮ ዙበይዳ “ስትወልጂ ይተውሻል” አሏት። ምክሩ ባልከፋ፣ ልጁ ግን አልመጣም። እንዲያውም ሕመሙ የወር አበባዋን ቀን መጠበቁን ትቶ ሲያሻው ከተፍ ማለት ጀመረ። ማሽኑን በእግር መርገጥ፣ ሽንት ቤት መቀመጥ፣ ከባሏ ጋር መተኛት፣ ሁሉም እየተፈራ የሚደረግ ነገር ሆነ።

ዙበይዳ ክፉ ሴት አይደሉም። ይህን አስቀድሞ መናገር ይሻላል፣ አማት ሲባል ፊቱን የማያጨማድድ ሰው ጥቂት ነውና። አንድ ልጅ አላቸው፣ እሱም ኢድሪስ ነው፤ የሚኖሩትም ከእሱ ጋር ነው። የልጃቸውን ልጅ አቅፈው ቢሞቱ ሌላ የሚመኙት የለም። ጥፋታቸው አፋቸው ማረፍ አለማወቁ ነው። በቅርቡ ደግሞ የወራቤን ወሬ ሲያወሩ የወንድማቸውን ጎረቤት ልጅ ማንሳት አብዝተዋል፤ ጨዋ ናት፣ ቁርኣን ቀርታለች፣ እህቶቿ ሁሉ ወላድ ናቸው። ለምን እንደሚያነሷት አይናገሩም። ቀመሪያ ግን ሞኝ አይደለችም። ይህን ከሰማች ወዲህ ትዳሬ በእጄ ላይ አለ ብላ ሙሉ ቀን አምና አታውቅም።

በመጨረሻ አንዲት የማሕፀን ሐኪም ለሕመሟ ስም ሰጠችው። ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ነገር ያለቦታው፣ ከማሕፀን ውጭ እየበቀለ ሰውነትን የሚያቆስልና የሚያጣብቅ በሽታ ነው። ቀመሪያ ስሙን ስትሰማ አለቀሰች፤ ያስለቀሳት ፍርሃት አልነበረም፣ ሰበብ አልፈጠርኩም ማለት ነው ብላ ነው። ሐኪሟ ለጥቂት ወራት የወር አበባዋን ጭርሱን የሚያቆም እንክብል አዘዘችላት። ቁስሉ ይረፍ፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግ እንደሆነ እናያለን አለቻት።

ችግሩ የተጀመረው መድኃኒት ቤት ነው። ሻጩ ወረቀቱን አይቶ ሰው በተሰለፈበት “የወሊድ መቆጣጠሪያው አይደል?” አላት፣ ጮክ ብሎ። ቀመሪያ ክው አለች። እንክብሉ ለካ ያው ነው፤ ለዚያም ለዚህም ይታዘዛል። ልጅ ልጅ የሚባልበት ቤት ይህን ማሸጊያ ይዞ መግባት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያሻም። መጋረጃ መንጠቆ የምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ሥር ደበቀችው። ለኢድሪስም አልነገረችውም። ደግ ሰው ነው፣ ግን የእናቱ ልጅ ነው፤ በሆዱ ያደረ ነገር ጠዋት እናቱ ጆሮ ይገኛል። ነገ እነግረዋለሁ አለች። ነገ ግን መቼ አልቆ ያውቃል።

ሐኪሟ ለቡ ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክም ልካት ነበር፣ ፌኔት ወደምትባል ፊዚዮቴራፒስት። ፌኔት ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፣ የምትሠራበት ፎቅ ዙሪያውን ግንባታ ስለሆነ ግን አንዳንዴ ከሲሚንቶ ማቡኪያው ጋር መጮህ ይኖርባታል። መጀመሪያ ላይ ወገብና ዳሌ የሚያፍታታ እንቅስቃሴ ልታሠራት ሞክራ አልሆነላትም። የቀመሪያ ሰውነት ገና ሳይነኩት ይኮማተራል። ለዓመታት መታመም ያስተማረው ነገር ነው፣ በምክር የሚለቅ አይደለም። አንድ ረቡዕ ፌኔት ከመሳቢያዋ ጥቁር፣ ወፍራም መነጽር አወጣች። ቪአር ነው፣ የሌለሽበትን ቦታ የሚያሳይ አለቻት። ቀመሪያ ጌም ቤት የሚጫወቱ ልጆች ፊት ላይ አይታው ስለነበር የምትቀልድባት መሰላት።

መነጽሩ ውስጥ ባሕር ነበር። ቀመሪያ ባሕር አይታ አታውቅም፤ ማዕበሉ ሲመጣባት አዞራትና ነቅላ ጣለችው። ፌኔት አልተቀየመችም። በሌላ ቀን ጸጥ ያለ ሐይቅ ዳር አስቀመጠቻት። አየር ወደ ውስጥ ስትስብ ውሃው ከፍ ይላል፣ ስታስወጣ ዝቅ ይላል። ከመነጽሩ ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚመክረውን ሰውዬ ፌኔት አፉን ዘግታ ራሷ ባማርኛ ታወራታለች። ቀጥሎ ቢጫ ወፎች ይመጣሉ፤ እነሱን ለመንካት እጅ መዘርጋት፣ ጉልበት ማጠፍ፣ ዝቅ ማለት ግድ ነው። ቀመሪያ ወፎቹን ስታሳድድ ዳሌዋን መፍራት ትረሳለች። ፌኔት መነጽሩ በሽታውን እንደማያድን፣ የበቀለውንም እንደማያጠፋ፣ አንዳንዱን ሰው ጭርሱን እንደማይስማማው አልደበቀቻትም። የሚያደርገው ጭንቅላቷ ሕመሙን ብቻ ጨምድዶ እንዳይዝ ሌላ የሚይዘው ነገር መስጠት ነው። እውነትም ሕመሙ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ግን ፈቀቅ አለ። ፈቀቅ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ የታመመ ነው። አተነፋፈሱንም ይዛው ወደ ማሽኗ ተመለሰች።

ጨርቅ ላመጣ እያለች በየረቡዑ ለቡ ስትመላለስ ረመዳን ገባ።

በእነ ዙበይዳ ቤት፣ በብዙ ቤትም እንደሚደረገው፣ የወር አበባ ላይ ያለች ሴት አትጾምም፣ አትሰግድም። ስለዚህ የሾርባውን ጨው የምትቀምሰው እሷ ናት። ዙበይዳ ካረጡ ቆይተዋል፤ በየዓመቱ ረመዳን ቀመሪያ ቀኗ ሲደርስ ጭልፋውን ዝም ብለው ያቀብሏታል። ማንም ምንም አይልም፣ ነገሩ ግን ይታወቃል። በዚህ ረመዳን ጭልፋው ሳይቀመስበት ሰነበተ። ቀመሪያ አንድም ቀን ሳታጓድል ጾመች፣ ሶላቷን ሰገደች፣ ማታ ማታም ለተራዊህ ሶላት ቆመች። ዙበይዳ እያዩ ነበር። ወሩ ሲጋመስ ሌሊት በሚበላው ሱሁር ሳህኗ ላይ ቴምር መበርከት ጀመረ። ከዚያ የውሃ ጀሪካን ስታነሳ ሮጠው ተቀበሏት። ከዚያም አንድ ማለዳ ሶላታቸውን ጨርሰው ዞር ሲሉ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ሆዷን ሲያዩ ያዘቻቸው።

ያን ጊዜ ገባት። ያረገዘች መስሏቸዋል።

መናገር ነበረባት። ሞክራም ነበር። “እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት” ስትል ዙበይዳ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ጽንስ ገና ሳይጠና በአፍ አይጠራም፣ ዓይን ይበላዋል። ያልተባለውን አውቀናል፣ ዝም በይ አሏት። በነጋታው ሞከረች፤ አሁንም ዝም አሰኟት። ዓይን ይበላዋል ያሉት ዙበይዳ ግን ለጎረቤታቸው ለብርነሽ በምስጢር ነገሯት። ብርነሽ የሰው ገመና ይዛ መቀመጥ የምትችል ሴት ናት፤ ቢያንስ እስከ አትክልት ሻጯ ድረስ ይዛው ሄዳለች። ሳምንት ሳይሞላ መጋረጃ ሊያሰፉ የመጡ ሴቶች ሜትሩን ከእጇ እየተቀበሉ “አንቺ አትጎንበሺ” ይሏት ጀመር።

ኢድሪስ ባሰባት። እናቱ እንዳትጠይቃት ብለውት ስለነበር ምንም አልጠየቀም፤ መሰላል ላይ ሆኖ ማፏጨት ብቻ አመጣ። ብርቱካን እየገዛ ይገባል። ሲያያት ፊቱ ላይ ያለው ደስታ ከበሽታዋ የበለጠ ያማታል። ማሽኑ ላይ ተቀምጣ ነገሩን ታወጣዋለች ታወርደዋለች። አልጸነስኩም ብትል የወር አበባሽ የት ሄደ ይሏታል። መድኃኒት ነው ብትል የቱ መድኃኒት ይሏታል። ማሸጊያውን ያዩት ቀን፣ እኛ ልጅ ስጠን እያልን ስንሰግድ እሷ እንዳይመጣ ስትውጥ ነበር ይባላል። የወራቤዋ ልጅም አለች። አንድ ቀን ጽንሱ ወረደብኝ ልበላቸው ይሆን ብላ አሰበች። በሐሳቡ አፈረች፤ ግን ደግማ አሰበችው፤ ሦስተኛም አሰበችው። የተሰፋው ጠርዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠመመባትና ተርትራ እንደገና ጀመረች።

ዙበይዳ ደግሞ ለዓርብ ሰው ጠሩ። ማፍጠሪያና ዱዓ ነው፣ ሼህ ያሕያም ይመጣሉ።

ከዓርቡ በፊት በነበረው ረቡዕ ቀመሪያ ልትወጣ ስትል ዙበይዳ ሻርባቸውን ለብሰው በር ላይ ጠበቋት። ጨርቅ ልታመጣ እንደማትሄድ አውቀዋል፤ ክትትል ነው ብለዋል በልባቸው፣ ብቻዋንም አይልኳትም። ታክሲ ውስጥ ረዳቱን “ቀስ በል፣ ነፍሰ ጡር ይዣለሁ” አሉት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ዓይን የሚባለው ነገር ለቡ ታክሲ ላይ አይሠራም መሰለኝ። ቀመሪያ መስኮቱን ታያለች እንጂ ምን እንዳለፈ አላየችም፤ ሆዷ ውስጥ ያ ጥምዘዛ ተጀምሯል።

ክሊኒኩ ስትደርስ አማቷን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ ፌኔት ክፍል ገባችና በሩ እንደተዘጋ ሁሉን ዘረገፈችው። ንገሪልኝ አለቻት። ፌኔት “ያለፈቃድሽ ለማንም አልናገርም። አንቺን ወክዬ ግን መናገር አልችልም፤ ቃሉ ያንቺ ነው” አለቻት። ሕመሙ እየባሰባት መሆኑን አይታ መጀመሪያ ትንሽ እናርግበው ብላ መነጽሩን አጠለቀችላት። ውሃው ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ወፎቹ መጡ። ቀመሪያ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ጉልበቷን ከፍታ ቁጢጥ እንዳለች በሩ ሲከፈት ሰማች።

“ያ አላህ፣ ምን እያደረግሽብኝ ነው?” አሉ ዙበይዳ ፌኔትን። “ነፍሰ ጡር እኮ ናት። ልጁን ልታስወርጂያት ነው?”

 ቀመሪያ እጇ መነጽሩን ሊያወልቅ ወጣና መንገድ ላይ ቆመ። ካወለቀችው የአማቷን ዓይን ታያለች፤ ያን ዓይን እያየች ደግሞ አንድ ቃል እንደማይወጣት በረመዳኑ ሁሉ አይታዋለች። እዚህ ግን ሐይቅ ብቻ ነው ያለው። መሬቱ ላይ ተቀመጠችና ለውሃው ተናገረች።

“እማዬ፣ አልጸነስኩም።”

ውሃው ዝቅ አለ። 

“የወር አበባዬን ያቆመው መድኃኒት ነው። ሰው የወሊድ መቆጣጠሪያ ይለዋል፣ እኔ ግን ለእሱ አልወሰድኩትም። በሽታ አለብኝ፤ ስወልድ የሚተወኝ አይደለም፣ ስም ያለው በሽታ ነው። ልነግርዎት ሞክሬ ነበር። ከዚያ ደስ ሲልዎት አየሁ። ኢድሪስም አያውቅም። ቢያባርሩኝም እንኳ ልጅ ጠልታ ነው ብለው እንዳያባርሩኝ ነው የምለምንዎት።”

የዙበይዳ መቁጠሪያ ሲንቋቋ ይሰማት ነበር፤ ቆመ። መነጽሩን ስታወልቅ አማቷ የፌኔት ወንበር ላይ ተቀምጠው የሻርባቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘዋል። ፌኔትን አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት፣ ትሞታለች ወይ ብለው። ፌኔት በሽታው ብዙ ጊዜ እንደማይገድል፣ ግን አሠቃይቶ እንደሚያኖር ነገረቻቸው። ስለ ልጅ ሳትጠየቅ ራሷ አነሳች፤ በበሽታው ተይዘው የሚወልዱ ብዙ ናቸው፣ እርዳታ የሚሹም አሉ፣ እኔ ግን ቃል አልገባልዎትም አለች። ዙበይዳ ራሳቸውን ነቀነቁና ተነሱ።

ለቡ ተሳፍረው መካኒሳ እስኪወርዱ አንድ ቃል አልወጣቸውም። እኒያ ለሰላምታ እንኳ ሩብ ሰዓት የሚፈጁ ሴት ዝም ሲሉ ያስፈራሉ። ቤት ሊደርሱ ሲሉ ብቻ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ “ለኢድሪስ አንቺ ንገሪው። እኔ ለዓርብ ሰው ጠርቻለሁ፤ የጠራሁትን ሰው አልመልስም” አሏት። ቀመሪያ ይህን ነገር ገለባበጠችው፣ ግራ ቀኙን አየችው፣ ደግ ትርጉም አላገኘችበትም። በጉባኤ ሊያዋርዱኝ ነው ብላ ደመደመች።

ያን ምሽት ካፈጠሩ በኋላ ለኢድሪስ ነገረችው፣ ያለ መነጽር፣ ፊት ለፊት። ሳታቋርጥ ጨረሰች። እሱ ሳህኑን እያየ ሰማት። ከመቼ ጀምሮ ነው አላት። ከረመዳን በፊት ጀምሮ አለችው። “ለባዳ ሴት ነገርሻት። እኔ ግን ከሰው ሁሉ ኋላ ሰማሁ” አለና ተነስቶ መስጊድ ሄደ። ተመልሶም ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ሐሙስ መሰላሉን ተሸክሞ ሲወጣ ፉጨት አልነበረም። ማታ ካፈጠሩ በኋላ ቀመሪያ እንክብሉን ከደበቀችበት አውጥታ በእጇ ይዛ ቆየች፤ ብተወውስ አለች። ዋጠችው።

ዓርብ ቤቱ ሞላ። ወንዶቹ ውጪው ክፍል፣ ሴቶቹ ከመጋረጃ ወዲያ ውስጥ ተቀመጡ፤ ብርነሽም ክርስቲያን ነኝ ሳትል ሳምቡሳውን ጠብሳ መጥታለች። ሴቶቹ ቀመሪያን ሲያዩ ፈገግ ይላሉ፣ ጎናቸውን ለቀው ያስቀምጧታል። ዙበይዳ ጓዳ ገባ ወጣ ይላሉ፣ ወደ እሷ አላዩም። ሕመሙ ከቀትር ጀምሮ ይዟት ነበር፣ ስትጨነቅ እንደሚሆነውም ባሰባት። ጥርሷን ነክሳ ውሃው ከፍ ሲል፣ ውሃው ዝቅ ሲል ታስባለች። ሁሉም አፈጠረ፣ መግሪብ ተሰገደ፣ ተበላ።

ከዚያ ሼህ ያሕያ ከመጋረጃው ማዶ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደ ወጉ ጠየቁ። ዱዓው በምን ላይ ይሁን፣ ጠሪያችን ይናገሩ አሉ።

ጠሪዋ ዙበይዳ ናቸው። ሴቶቹ ሁሉ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ የቀመሪያን ሆድ አዩ። ዙበይዳ አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣቸውም። ደግመው ከፈቱ፤ ቃል አልመጣም።  አሁን ይሉታል አለች ቀመሪያ በልቧ፣ አሁን።

“ሼሃችን፣ እኔ ልናገር” የሚል ድምፅ ከማዶ መጣ። ኢድሪስ ነው። ፊቱ አይታያትም።

“ለሌላ ነገር የተጠራችሁ እንደመሰላችሁ አውቃለሁ፤ እኔም መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ታማለች። ከታመመች ቆይታለች፣ አሁን ሕክምና ላይ ናት። ልጅ አላህ ከሰጠን እንቀበላለን፣ ካልሰጠንም ቤቴ ቤቷ ነው። ዛሬ ለቀመሪያ ጤና፣ አፊያ ለምኑልን።”

ሴቶቹ መሐል ሹክሹክታ ሊነሳ ሲል ዙበይዳ አፋቸው ተፈታ። ሼሁ ዱዓውን ገና ሳይጀምሩ እሳቸው “አሚን” አሉ፣ ቤቱ እስኪሰማ። ብርነሽ “አሜን” አለች፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ሼህ ያሕያ እጃቸውን ዘርግተው ጀመሩ። ቀመሪያ አሚን ልትል አፏን ስትከፍት በጥርሷ ይዛው የዋለችው ሕመም አብሮ ወጣ፤ ሆዷን ይዛ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ “አመመኝ” አለች። ዝም በይ ያላት የለም። ዙበይዳ ራሳቸው የተደገፉትን ትራስ ሳቡና ከጀርባዋ አስገቡላት፣ ጎኗም ተቀመጡ።